እጅ የምንታጠብበትን ክፍል ስለ መጠየቅ

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሰልፉ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ ሲናገሩ እስከ እኔ ሱቅ ድረስ ስለሚሰማ፣ እንዳይከረክርዎ ከልብ እሳቀቃለሁ። በግቢው ውስጥ እንደ ልቡ የሚናገር ሰው እርስዎ ብቻ ስለቀሩ፣ ጉንፋን ቢይዝዎት ትምህርት ቤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ይጨንቀኛል። እባክዎ ሻርፕዎን አይርሱ።

ማንነቴን ልግለጽ። ከትምህርት ቤትዎ አጥር ጀርባ፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት የእኔ ናት። ከዚህም በላይ የአንዲት አንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄን ሰፈሩ «ሬዲዮ» እያለ ነው የሚጠራት፤ የተባለችውም ስለማትዘጋ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቄ ውስጥ ትውልና ደንበኞቼን ታጫውት ነበር፤ አባቷ እንዴት እንደሚያንኮራፋ በድምፅ አስመስላ ታሰማ ነበር፤ አንዲት የተከበሩ ሴት ፀጉራቸው ግማሹ የተገዛ መሆኑን ለተሰበሰበው ሕዝብ አስታውቃ ደንበኛ አሳጥታኛለች። ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ምን ዓይነት ልጅ እንደምንነጋገር እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በታሸገ ፖስታ ይዤው መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ግን ፖስታውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ በቤታችን ቋንቋ የተጻፈ አቤቱታ ቢሮው መቀበል እንዳቆመ፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ «ዊች» እና «ሁም» የሚባሉትንም በየወንበራቸው አስቀምጬ እንድመለስ በታላቅ ትሕትና አስረዳችኝ። ያን ለማድረግ ዕድሜዬ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ደብዳቤውን በሱቄ መስታወት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ፀጉራቸው እስኪደርቅ የሚጠብቁ እናቶች እያነበቡት ነው፤ እርስዎም በዚያ ሲያልፉ ለአፍታ ቆም ቢሉ ደስ ይለኛል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። እኔን ራሴን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ለወላጆች ገለጻ የጠሩን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ ፀጉር ቤት ቅዳሜ ረፋድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ስብሰባ አይጠራምና፣ ቀለም የቀባኋቸውን ደንበኞቼን ጭንቅላታቸውን በላስቲክ ጠቅልዬ ጥያቸው መጣሁ። አንዷ ቡናማ ልትሆን ተቀምጣ ብርቱካን ሆና ተነሥታለች፤ ለእንግሊዝኛ የከፈለችው መሥዋዕትነት ነውና አይርሱባት።

ያስተማሩን ነገር በእኔ አረዳድ እንዲህ ነው፤ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ አንድ ወንበር ሲያወራ፣ ወንበሩም እሱ የተቀመጠበት ከሆነ፣ «ላይ» የሚለው ትንሽ ቃል ሁለት ማረፊያ አለው። ወይ ከ«ዊች» ፊት ይቆምና «ዘ ቼር ኦን ዊች አይ ሳት» ይባላል፤ ወይ ደግሞ ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ መጨረሻ ላይ ይመጣና «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ይባላል። የሚወራው ስለ ሰው ሲሆን በ«ዊች» ፈንታ «ሁም» ይገባል፤ አብሬው የሠራሁት ሰው ለማለት «ዘ ማን ዊዝ ሁም አይ ዎርክድ» እንላለን። «ዛት» የሚባለው ግን ኩሩ ነው መሰለኝ፣ ትንሿ ቃል ከፊቱ እንድትቆምበት ፈጽሞ አይፈቅድም። የቋንቋው ባለቤቶች ሲጽፉና ሲከባበሩ የፊተኛውን፣ ሻይ እየጠጡ ሲያወሩ የኋለኛውን ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው ብለው እርስዎ ራስዎ ነገሩን። ከዚያም ድምፅዎን ከፍ አድርገው «በእኛ ትምህርት ቤት ግን መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም!» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ የቀለም ጓንቴን ሳላወልቅ ስለመጣሁ ድምፁ አልተሰማዎት ይሆናል።

ለነገሩ ጉዳዩ ለልጄ እንግዳ አልነበረም። በቤታችን ቋንቋ ያ ሁሉ ጣጣ በቃሉ ጭራ በምትገባ አንዲት «በት» ያልቃል፤ ልጄ ጥርሷ ሳይሞላ «የወደቅኩበት ደረጃ»፣ «አያቴ የተኛችበት አልጋ»፣ «ድመቷ የገባችበት ቁም ሣጥን» እያለች ቤቱን ታውከው ነበር። እርስዎ ባሕር ተሻግረው ሠልጥነው ያመጡትን ነገር እሷ ምንጣፍ ላይ እየተንከባለለች ነው ያገኘችው፤ የሚለያየው ትንሿ ቃል የምትቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን የምለው ሥልጠናዎን ለማሳነስ አይደለም። በሥልጠናው የተሰጠዎት ቦርሳ እጅግ ያምራል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ በየክፍሉ በር ላይ ያስለጠፉት ደንብ። ማንኛውም ተማሪ ከመምህሩ የሚፈልገውን ነገር በሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ትንሿን ቃል ከ«ዊች» ወይም ከ«ሁም» በፊት አቁሞ ካልጠየቀ አይፈቀድለትም። እርሳስ የጠፋበት የሚጽፍበትን እርሳስ፣ ላጲስ የፈለገ የሚያጠፋበትን ላጲስ በዚሁ መንገድ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ እሺ ብለናል፤ ያለ እርሳስ የሞተ ልጅ የለም። ሽንትን ግን ከእርሳስ ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥዎ ገርሞኛል። በዚያም ላይ «ሽንት ቤት» የሚለው ቃል ለግቢው ክብር ስለማይመጥን፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሲመጣበት «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ ቱ ዘ ሩም ኢን ዊች ዊ ዎሽ አወር ሃንድስ?» እንዲል ወስነዋል። እጃችንን ወደምንታጠብበት ክፍል መሄድ እችላለሁ ወይ ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ ልጄ ወደዚያ የምትሄደው እጇን ለመታጠብ አይደለም። እጇን የምትታጠበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ከተቆጧት።

ሁለተኛ፤ «ወላጆች ደንቡን በምግብ ሰዓት ቢያለማምዱ መልካም ነው» የሚለው ምክርዎ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደንብ የማያከብር ሰው ሲያበሳጨው ስለሚውል፣ ደንብ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ምክርዎን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈና ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ጨው ያለ «ዊች» ከእጅ ወደ እጅ መሻገር አቆመ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ በመጀመሪያው ምሽት እንደ ወትሮአቸው «እስቲ ጨዉን አቀብሉኝ» አሉ። እኛ ወደ ባለቤቴ አየን፤ እሱ ወደ ማቀዝቀዣው አየ። እማማ ነገሩ ሲገባቸው «ልጄ፣ ለመሆኑ ያጠባሁህ በየትኛው ቋንቋ ነበር?» ብለው ሾርባቸውን ያለ ጨው ጠጡ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከ«ሁም» ጋር አልግባባ ስላለ ማእድ ቤት ቆሞ መብላት ጀመረ፤ ገበታ ላይ የሚቀርበው ጠግቦ፣ ምንም እንደማይፈልግ ሰው ሆኖ ነው። በየትኛውም ቤት ራት ላይ የሚያጣላ ነገር አይጠፋም፤ እኛን ግን ስለገላገሉን እናመሰግናለን፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ እንኳ ሬዲዮ አልተዘጋችም። በጠረጴዛው ሥር እግሬን እየነካካች፣ በሹክሹክታ «እማዬ፣ አያቴ ግን ለምን ተቀጣች?» ትለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ወር በልጄ ክፍል ውስጥ የሆነው። ማን ነገራት ብለው እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ለእናቶቻቸው ነግረዋል፣ እናቶቻቸውም ፀጉራቸውን የሚሠሩት እኔ ዘንድ ነው። እርስዎ ለክትትል ገብተው፣ እጅዎን አጣጥፈው ከኋላ ቆመው ነበር። ልጄ ጣቷን አወጣች። ተፈቀደላትና ተነሣች። «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ ቱ ዘ ሩም ዊ ዎሽ አወር ሃንድስ ኢን?» አለች። ማለት የፈለገችውን ሁሉ ብላለች፤ ትንሿ «ኢን» ብቻ ከመጨረሻ መጣች፤ ልክ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች እንደሚሉት ማለት ነው። መምህርቷ ቀና ብላ እርስዎን አየች። እርስዎ ራስዎን ወዘወዙ። መምህርቷ ምን ታድርግ፣ እሷም እንጀራዋ ነው፣ «ኢኗ ወድቃለች፣ አንሥተሽ ቦታዋ መልሻት» አለቻት።

ልጄም እግሮቿን አቆላልፋ እንደቆመች የወደቀችውን መፈለግ ጀመረች። «ዘ ሩም ዊች ኢን» አለች። ሳቁ። «ዘ ኢን ሩም» አለች። ይበልጥ ሳቁ። መምህርቷ አንጀቷ አልችል ብሎ በሩን ልታሳያት ስትል፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «ትንሽ እንታገሣት፤ ልትደርስበት ነው» አሉ። ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ። የእሷ ግን ከእርስዎ በፊት አለቀ፤ ቀሚሷም ካልሲዋም ጫማዋም ራሰ። እርስዎ እንዳልሳቁ ሁሉም ልጆች መስክረዋል፤ ይህን ክብር ልነፍግዎ አልፈልግም። ጽዳት ሠራተኛዋን ጠርተው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አላገኘሁለትም፤ ስለዚህ ያለ ቁጥር ይቀመጥልኝ።

ልጄ ከዚያን ቀን ወዲህ አትናገርም። ልጆቹ «ኢንዊች» የሚል አዲስ ስም አውጥተውላት ነበር፤ መጀመሪያ የመሰለኝ አኩርፋ ነው፣ ነገ ይለቃታል ብዬ ነበር። አልለቀቃትም። ውኃ ስትፈልግ ብርጭቆውን በጣቷ ታሳያለች። ሲርባት ድስቱ አጠገብ ሄዳ ትቆማለች። እማማ ተረት ሲያወሩላት ሆን ብለው ያሳስታሉ፤ ጅቡን አስተዋይ፣ ጥንቸሏን ሞኝ ያደርጓታል፤ ድሮ «ኧረ አያቴ፣ እንደሱ አይደለም!» ብላ ከአልጋ ትዘል የነበረች ልጅ፣ አሁን ስሕተቱን እስከ መጨረሻው ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ፍቆ አነሣው፤ ሙጫው አሁንም አለ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ «አንድ ቃል ብቻ፣ የፈለግሽው ይሁን፣ ስድብም ቢሆን» ሲላት በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ጉንጩን ዳበሰችለት፤ ቃል ግን የለም። ያ ደንብ ወዳድ ሰውዬ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

በሱቄ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች አሉኝ። አንደኛው አርጅቶ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በቀጥታ እሱ ሥር ትቀመጥና እንድከፍትላት ታሳየኛለች። ስከፍተው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታወራለች፣ ክቡር ሆይ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ፣ ማንም በማይሰማት ቦታ፣ እጇን እያወራጨች ታወራለች። ባጠፋው ዝም እንደምትል ስለገባኝ አላጠፋውም፤ ቆሜ ከንፈሯን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት በመካከል መብራት ድንገት ሄደና ማሽኑ ጸጥ ሲል፣ አፏ ላይ የነበረውን የመጨረሻ ቃል ሰማሁት። «ኢን ዊች» የሚል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እየተለማመደች ነው። ልጄ ድምፅዋን ሁሉ ለእሱ አስቀምጣለት፣ እስኪስተካከልላት ድረስ ሌላ ቃል ላታወጣ ወስና ነው ዝም ያለችው። ይህን ሳውቅ መቀሱን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና ደንበኞቼ እስኪሰሙኝ አለቀስሁ።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። አራተኛ፤ ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ያደረጉልኝ አቀባበል። ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ እንዴት አድርጌ ልጠራው እንደሚገባኝ ስላሰብሁ ግን በስጋት ነው የተቀመጥሁበት። ነጩ ሰሌዳ ላይ የልጄን ዓረፍተ ነገር ጽፈው፣ «ኢን»ን አክብበው፣ ከመጨረሻ ወደ ፊት የሚወስዳትን ቀስት በቀይ ሣሉልኝ። ቀስቱ ያምር ነበር። ልጅቷ አሁን እንዴት ናት ብለው ግን አልጠየቁኝም፤ ስሟንም እንዲሁ። ተናግሬ ስጨርስ የቀለሙን ክዳን እየገጠሙ «እመቤት፣ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ቋንቋ የላትም» አሉኝ። ሬዲዮን ነው! ዓይኔን በጨው አጥቤ ልከራከርዎ አፌን ስከፍት፣ ውሳኔው አስቀድሞ እንደተላለፈ ገለጹልኝ፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከክፍሏ ወጥታ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ ወዳለው የድጋፍ ክፍል ትዛወራለች። ያን ክፍል አውቀዋለሁ። መስኮቱ በአጥሩ በኩል ስለሆነ ከሱቄ ጓሮ ይታያል። ልጆቹ ሥዕል ቀለም ሲቀቡ ይውላሉ፤ ቀለም ሲቀቡ ያየኋቸው ልጆች ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግን እስካሁን አላየሁም።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። ልመናዬ ደግሞ ከቅሬታዬ ያንሳል።

ልጄን ከሰኞ በኋላም፣ ከእነ ዝምታዋ፣ እዚያው ክፍሏ ወንበሯ ላይ ይተዉልኝ። ሽንት የመጣበት ልጅ ጣቱን ሲያወጣ ይውጣ፤ የወጣ ጣት በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ፣ እርስዎ ራስዎ ወደ ክፍሉ ይምጡና፣ ጉልበትዎ እንደሚያምዎ ባውቅም፣ በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ ብለው፣ ያን ዕለት ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ይንገሯት። እኔ ነግሬአታለሁ፣ አባቷ ነግሯታል፣ እማማ ነግረዋታል፤ እኛን አታምነንም፤ የእንግሊዝኛው ባለቤት እርስዎ ነዎታ! በፈለጉት ቋንቋ ይንገሯት፤ ትንሿን ቃል ከፊትም ያድርጓት ከኋላ፣ ግድ የለኝም። ልጄ ዓረፍተ ነገሩን ልክ አድርጋ ካልጨረሰች ዳግመኛ መናገር የማይፈቀድላት መስሏታልና፣ የሚፈታት ያሰራት ሰው ብቻ ነው።

ይህ ካልሆነ ግን፣ ከሰኞ ጀምሮ አንዲት በርጩማ ይዤ ከክፍሉ በር ውጪ እቀመጣለሁ። ሱቁን ደንበኞቼ ተራ ገብተው ይጠብቁልኛል፤ ማጠብ የሚችሉ አሉ፣ የማይችሉም ይማራሉ። ጣት በወጣ ቁጥር በሩን እኔ እከፍታለሁ፤ የእኔ ልጅ ትሁን የሌላ ሰው አልመርጥም። ጥበቃውን ልከው ሊያስነሡኝ ቢያስቡ፣ ለምን እንደተቀመጥሁ በእንግሊዝኛ ሊጠይቀኝ ይገባዋልና አስቀድመው ያሠልጥኑት። በግቢው ደንብ መሠረት ትንሿን ቃል ቦታዋ ካላቆመ አልንቀሳቀስለትም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሰሌዳዎን ስላቆሸሹልኝ፣ ስለ ቀዩ ቀስትም ጭምር ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የማይከረክር ጉሮሮና የማይዘጋ አፍ እመኝልዎታለሁ።

ልጇ የምትማርበትን ግቢ በሩቁ የምታከብር፣ በዚያ የሆነውን ግን በቅርቡ የምታውቅ፣ ዝም ያለች ልጅ እናት፣ እሷ ግን ዝም ማለት ያልለመደባት፣

የጀርባው መንገድ ፀጉር ቤት ባለቤት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ለጥፌ ከጨረስሁ በኋላ የደረሰ ነገር ስለሆነ ከታች ጨምሬዋለሁ። ትናንት የተከበሩት ባለቤትዎ ታናሽ ልጅዎን ሹሩባ እንድሠራላት ይዘዋት መጥተው ነበር። ያቺ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የምትማረው፣ ፊቷ ሁሉ እርስዎን የሚመስለው፣ እጅግ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ትራሱ ላይ ተቀምጣ ግማሹን እንደሠራሁላት እግሮቿን ማቆላለፍ ጀመረች። ምን ሆንሽ የኔ እመቤት ብላት አንገቷን ወደ እኔ አዙራ፣ እናቷ እንዳትሰማ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ እዚህም በዓረፍተ ነገር ነው የሚጠየቀው?» አለችኝ። አይ ልጄ፣ በሩ ያውልሽ ብያት እየሮጠች ሄደች። ስትመለስ ውኃ ሰጠኋት፤ አልጠጣም አለች። ባለቤትዎ ሲያጫውቱኝ፣ ልጅቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውኃም ወተትም አልቀምስም ብላ አስቸግራቸዋለች፤ ለሐኪም ሊያሳዩአት ነው፣ እርስዎም ግራ ገብቶዎታል አሉ። ግራ አይግባዎት፣ ክቡር ሆይ፤ ለእኔ ነግራኛለች። ለእርስዎ ያልነገረችዎት ዓረፍተ ነገሩ ገና ስላልተስተካከለላት ይሆናል፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሧት።